ሳይከፈት የተፈረደበት ካምቢዮ

«ካምቢዮው አልቋል።» በአዲስ አበባ ጋራዦች ከሚነገረው ነገር ሁሉ ይህን ያህል በችኮላ የሚነገር፣ ይህን ያህልም ኪስ የሚያራቁት የለም። መኪናዋ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ስትሻገር ትመታለች፤ ወይም ማርሹ ከፒ ወደ አር ሲገባ «ጓ!» ብላ ሹፌሩን ከወንበሩ ታነቃንቀዋለች። ባለቤቱ ደንግጦ ይዟት ይመጣል። መካኒኩ እስከ አስፋልቱ ነድቷት ይመለሳል፤ የዘይት መለኪያውን መዝዞ ያሸትታል፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይፈርዳል። ከሥሩ ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ ኮፓ አልወረደም። የዘይት ግፊት አልተለካም። ኮምፒውተሩ የመዘገበው የብልሽት ኮድ አልተነበበም። ፍርዱ ግን ተሰጥቷል፣ ቅጣቱም ታውቋል፦ ሶማሌ ተራ ሂዱና ሌላ ካምቢዮ ግዙ።

እኔ ይህን ፍርድ አልቀበልም። ካምቢዮ አያረጅም ብዬ አይደለም፤ ያረጃል፣ ይሞታልም። የሚያንገበግበኝ ተከሳሹ ሳይጠየቅ መሰቀሉ ነው። ዘይቱ ካልተቃጠለ፣ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ባለችበት የምትቀር ካልሆነች፣ ጥፋቷ ማርሽ ስትቀይር መምታት ብቻ ከሆነ፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ከካምቢዮው ሆድ ሥር የተንጠለጠለው ቫልቭ ቦዲ ነው። እሱ ደግሞ በብዙ መኪኖች ካምቢዮው ሳይወርድ፣ ኮፓው ብቻ ተከፍቶ የሚወጣ፣ የሚፈታና የሚታደስ ዕቃ ነው።

ፈትቶት የማያውቅ ሰው ቫልቭ ቦዲ ሲባል አንድ ቧንቧ ነገር ይመስለዋል። እሱ ግን ሁለት ሦስት ቦታ ተከፍሎ የሚገጠም የአሉሚኒየም ብሎክ ነው። ሲከፈት ውስጡ በተጠማዘዙ ጠባብ የዘይት ቦዮች ታርሷል። በቦዮቹ መካከል ጣት የሚያካክሉ ቫልቮች ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታሉ፤ ከአብዛኞቹ ቫልቮች ኋላ ሞላ አለ፤ በግማሾቹ መሀል ቀዳዳ የበዛበት ስስ የብረት ሳህን ተኝቷል፤ ባቄላ የማያካክሉ ኳሶችም በየጎድጓዳቸው ተቀምጠዋል። ሥራው ከፖምፓው የመጣውን ዘይት በሚገባው ግፊትና በሚገባው ቅጽበት ወደሚገባው ፍሪሲዮን መላክ ነው። በቃ። ግን ይህን ሥራ በአንድ የከተማ ጉዞ ብቻ ስንት መቶ ጊዜ እንደሚሠራ አስቡት።

ማርሽ የሚቀየረው ዘይቱ አንዱን የፍሪሲዮን ስብስብ ለቆ ሌላውን ሲጨብጥ ነው። መጨበጡ ከመልቀቁ ከቀደመ ሁለት ማርሾች ለቅጽበት ይተናነቃሉ፤ ከዘገየ ሞተሩ ባዶውን ይጮኻል፤ ግፊቱ ከሚገባው በላይ ከሆነ ይመታል። ምቱን የሚያለዝበው አኩሙሌተር የሚባል በሞላ የተደገፈ ፒስተን ነው። ዘይቱ ፍሪሲዮኑን በሙሉ ኃይሉ ከመጨበጡ በፊት ይህን ፒስተን እየገፋ ስለሚሄድ ግፊቱ ቀስ እያለ ይወጣል። አኩሙሌተሩ ከተጣበቀ ወይም ሞላው ከተሰበረ ማለዘቢያው የለም፤ ሙሉው ግፊት በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ሹፌሩም ጀርባው ላይ ይሰማዋል። ጥርሱ አልተሰበረም፣ ፍሪሲዮኑ አልተቃጠለም። አንዲት ሞላ ናት!

ይህ አሠራር ዕድሜው ረጅም ነው። ጀነራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) ለገበያ ሲያወጣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በመኪና ውስጥ አልነበረም፤ መቼ እንደሚቀይር የሚወስነው ራሱ የዘይቱ ግፊት ነበር። ዛሬ ትእዛዙን ኮምፒውተር ይሰጣል፣ ሶሌኖይድ የሚባሉት የኤሌክትሪክ ቫልቮች ይቀበሉታል። ጡንቻው ግን አሁንም ዘይት ነው። ስለዚህ «ይሄ ዘመናዊ ስለሆነ አይነካም» የሚለኝ መካኒክ፣ አልነካሁትም ቢለኝ እመርጣለሁ።

አሉሚኒየም ለስላሳ ነው። በዘይቱ ውስጥ የሚንሳፈፈው የፍሪሲዮን ብናኝና የብረት ዱቄት ለዓመታት በቫልቩና በግድግዳው መካከል ሲመላለስ ግድግዳውን ይልጠዋል። የሚያልቀው በዓይን አይታይም፤ የሚሊ ሜትር መቶኛ ክፍሎች ናቸው። ዘይት ግን ያችን ክፍተት አያጣትም። ጠዋት ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ መኪናዋ ልስልስ ብላ ትሄዳለች። ከሳሪስ እስከ ሜክሲኮ በሰልፍ ስትጎተት ዘይቱ ሞቆ ይቀጥናል፣ በክፍተቷ ይሾልካል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ማርሹ መንሸራተቱን ሲያይ ግፊት ጨምር ብሎ ያዛል፤ የሚቀጥለው ማርሽ በቡጢ ይገባል። «ጠዋት ደህና ናት፣ ስትሞቅ ነው የሚብስባት» የሚል ደንበኛ ስንት ጊዜ መጥቶባችኋል? ይህ ሰው የምርመራውን ግማሽ ሠርቶ ነው የመጣው። እናንተ ግን እሱ ሲናገር ስልክ ታወራላችሁ።

ይህን የምለው ከራሴ አይደለም፤ የአምራቹን መጽሐፍ ክፈቱ። በቶዮታ መኪኖች ፒ0751 የሚባል ኮድ አለ፤ ኤስ1 የተባለው የማርሽ መቀየሪያ ሶሌኖይድ የታዘዘውን አልፈጸመም ማለት ነው። የቶዮታ የጥገና መመሪያ በዚህ ኮድ ሥር ተጠርጣሪዎቹን ሲጠቅስ ሶሌኖይዱ እንደተከፈተ ወይም እንደተዘጋ መቅረቱን ያነሳል፣ የቫልቭ ቦዲውን መዘጋት ያነሳል፣ ከዚያም ካምቢዮውን ራሱን፣ ማለትም ፍሪሲዮኑን፣ ፍሬኑንና ጥርሱን ያነሳል። የኛ ሰው ሁለቱን ዘልሎ ሦስተኛውን ይይዛል። ለምን? ሦስተኛው በአንድ ቀን ይወርዳል፣ በአንድ ቀን ይሰቀላል፣ ከሻጩም ኮሚሽን አለው።

ሶሌኖይድ ለመመርመር ደግሞ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም። ኤሌክትሪሺያኑ ኪስ ውስጥ ያለው መልቲሜትር ይበቃል። በተለመዱት ባለአራት ማርሽ የቶዮታ ካምቢዮዎች ኤስ1 እና ኤስ2 በ20 ዲግሪ ሙቀት ከ11 እስከ 15 ኦም ማሳየት አለባቸው፤ ዋናውን የዘይት ግፊት የሚያዝዘው ኤስኤልቲ ደግሞ ከ5.0 እስከ 5.6 ኦም። ከዚህ ከወጣ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ከዚህ ውስጥ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ደህና ነው ማለት ነው እንጂ ሶሌኖይዱ ውስጥ ቆሻሻ አልተቀረቀረም ማለት አይደለም፤ እሱን ለማየት መፍታት ነው።

ይህ «ካምቢዮው አልቋል» የሚል ፍርድ የእህቴን ያሪስም አላለፋትም። ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ ውስጥ አንድ ወጣት መካኒክ «እትዬ፣ ካምቢዮው በቃው» አላት።

«ምኑ ነው የበቃው?»

«ውስጡ።»

ውስጡ! ውስጡ የሚባል መለዋወጫ በየትኛው ሱቅ ይሸጣል? ደውላልኝ ሄድኩና በጨዋ ደንብ ጠየቅሁት። «ወንድሜ፣ ኮፓውን አውርደህ አይተኸዋል?» «ጋሼ፣ ማውረድ አይፈልግም፤ በልምድ ይታወቃል» አለኝ። ልምድን አከብራለሁ። ልምድ ያለው መካኒክ ግን የሚለየው የት ማየት እንዳለበት በማወቁ ነው፤ ሳያይ በመናገሩማ መንደሩ ሁሉ መካኒክ ነው። መኪናዋን አንስተን ጸጉራቸው የሸበተ፣ ብዙ የማያወሩ ሰው ዘንድ ወሰድናት። ኮፓውን አወረዱ። ከውስጡ ያለችው ማግኔት ላይ የነበረው እንደ ቅባት የላመ ግራጫ ዱቄት ብቻ ነበር፤ ስንጥር ብረት የለም፣ የተቃጠለ ሽታ የለም። ቫልቭ ቦዲው ሲፈታ አንዱ የአኩሙሌተር ፒስተን ቤቱን በግልጽ ልጦታል፤ በራሱ ክብደት ተንሸራቶ መውረድ የሚገባው የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቭም መሀል ላይ ቀጥ ይላል። «እቺ ናት» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። የተሠራበት ሒሳብ ከተጠየቀው የካምቢዮ ዋጋ ጎን ሲቀመጥ ያሳፍራል። ያሳፈረው እኛን አይደለም።

ደግሞስ «ሌላ ግዙ» ሲሉን ምን ግዙ ማለታቸው ነው? አዲስ ካምቢዮ ማለታቸው አይደለም። የዱባይ የሚባለውን፣ ከተጋጨ ወይም ከተጣለ መኪና የወጣውን ያገለገለ ካምቢዮ ማለታቸው ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ሮጧል? አይታወቅም። ምን ዘይት ሲጠጣ ኖሯል? አይታወቅም። ከየትኛው ሞተር ጋር ነበር? ሻጩ «አንድ ነው» ይላል። በረሃ ሙቀት ውስጥ ሲሠራ የኖረ፣ ከዚያ ዘይቱ ፈስሶ በመጋዘን የተጣለ ብረት ነው። የራሱ ቫልቭ ቦዲ ከኛው የባሰ የተላጠ ላለመሆኑ ዋስትናው የሻጩ መሐላ ነው፤ መሐላውም መኪናዋ ከግቢው በር ስትወጣ ያበቃል። የምናውቀውን በሽታ ሰጥተን የማናውቀውን በብር እንገዛለን።

እዚህ ላይ የሚከነክነኝን ልናገር። ያ «ያለቀ» የተባለው አሮጌ ካምቢዮ የት ነው የሚሄደው? ባለቤቱ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም፤ ጋራዡ ውስጥ ትቶት ይሄዳል፤ ወይም «ዋጋው ይታሰብልሃል» ተብሎ ጥቂት ብር ይቀነስለታል። የሞተ ከሆነ ለምን ይገዙታል? ለአሉሚኒየም ሚዛን ነው? ይሁን። ግን አንድ ሰው ኮፓውን ከፍቶ፣ ቫልቭ ቦዲውን አጽድቶ፣ ሁለት ሶሌኖይድ ለውጦ፣ ለሌላ ደንበኛ «ንጹሕ የዱባይ» ብሎ እንደማይሸጠው ማን ማረጋገጫ ይሰጠኛል? ማንንም አልከሰስኩም። ጥያቄ ነው የጠየቅሁት፤ የሚመልስልኝ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።

መርምሮ ማደስ ድሮ ቅንጦት ነበር ሊባል ይችላል፤ ዛሬ አይደለም። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ተጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ተናገሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ብርን በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው፤ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ መለዋወጫውም አብሮት ሄደ። ስለዚህ ዛሬ ጎዳናው ላይ ያለው ኮሮላና ያሪስ ነገ በሌላ ኮሮላና ያሪስ የሚተካ አይደለም። ያለው ያው ነው። በዚህ ዘመን ደህናውን ካምቢዮ በአንዲት ሞላ ምክንያት መጣል ለኔ ዕብደት ነው።

«ጊዜው የኤሌክትሪክ ነው፤ ስለ ካምቢዮ ምን ታወራለህ?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አሁን የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ አንድ ፍጥነት ብቻ ያለው የጥርስ ማርሽ ነው ያላቸው፤ ቫልቭ ቦዲ የላቸውም፣ የሚመታም ማርሽ የለም። እንኳን ደስ ያላችሁ። ግን ራይድ እየሠራ ልጆቹን የሚያስተምረው ሰው ዛሬ የሚነዳት መኪና ቤንዚን ትጠጣለች፤ እሱን «ሽጣትና ኤሌክትሪክ ግዛ» ማለት እንጀራ ላጣ ሰው ክትፎ ማዘዝ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በጋራዡ ላይ ጭኜ የመኪና አምራቾቹን ግን በነጻ አልለቅም። «ለዕድሜ ልክ የተሞላ ዘይት» የሚባለውን ማታለያ የፈጠሩት እነሱ ናቸው። መርሴዲስ ቤንዝ በ1990ዎቹ አጋማሽ (እንደ ፈረንጆቹ) ባወጣው 722.6 በተባለው ባለአምስት ማርሽ ካምቢዮ ላይ የዘይት መለኪያ ዘንግ እንኳ አልተወለትም፤ የቱቦውን አፍ በቀይ ፕላስቲክ አሽጎ ዘይቱ አይቀየርም አለ። ኋላ ራሱ በ60,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር ማለት ጀመረ። ለቢኤምደብሊውና ለሌሎችም ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመኑ ዜድኤፍ እንደ አነዳዱ ሁኔታ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ወይም በስምንት ዓመት ውስጥ ዘይቱ እንዲቀየር ይመክራል፤ ካምቢዮውን ገዝቶ የሚገጥመው መኪና አምራች ግን ዕድሜ ልክ ይላል። የማን ዕድሜ? የዋስትናው ጊዜ ዕድሜ ነው እንጂ! ዘይቱ ሲያረጅ ብናኙን መሸከም ያቅተዋል፤ ብናኙ ወደ ቫልቭ ቦዲው ይሄዳል፤ የቀረውን ታሪክ ከላይ ተርኬዋለሁ።

እኛ ደግሞ በዚህ ላይ የራሳችንን እንጨምርበታለን። የካምቢዮ ዘይት ቀይ ነው፤ ቀይ የሆነ ሁሉ አንድ ይመስለናል። ቶዮታ ቲ-4 ያለውን ቲ-4፣ ደብሊውኤስ ያለውን ደብሊውኤስ መጨመር ሲገባ ሱቁ ውስጥ የተገኘው ይገባል። ሲቪቲ ካምቢዮ ያላቸው ቪትዞችማ ግፋቸው ይለያል። በነሱ ውስጥ ኃይል የሚያስተላልፈው በሁለት ሾጣጣ ፑሊዎች መካከል የተቀረቀረ የብረት ቀበቶ ስለሆነ የራሱ ዘይት አለው፤ ተራውን የአውቶማቲክ ዘይት ያጠጡትና ቀበቶው ሲንሸራተት «የቪትዝ ካምቢዮ ደካማ ነው» ብለው ስም ያጠፋሉ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን ልውቀስ፤ ቫልቭ ቦዲ እናድሳለን የሚሉትን። ፈትቶ በቤንዚን አጥቦ መግጠም ማደስ አይባልም። አንዳንዱ አሸዋ በሚቦንበት ግቢ ውስጥ፣ ሞተር ሲፈታበት በዋለ ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፈዋል። ኳሶቹ ከየት ከየት እንደወጡ ፎቶ አያነሳም፤ አንዷ ከጠረጴዛ ሥር ትቀራለች፤ በማግስቱ መኪናዋ ሪቨርስ የላትም። ሌላው የተጣበቀ ቫልቭ ሲያገኝ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። ወዳጄ፣ የዚያ ቫልቭ ጠርዝ ስለታም የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ ስለቱ ቆሻሻውን እየጠረገ ያወጣል። ስታደበዝዘው ቆሻሻው ከሥሩ ይገባና መልሶ ያጣብቀዋል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ሲሊኮኑ ነው። ጓርኒሲዮን ጠፋ ተብሎ በሁለቱ ግማሾች መካከል ሲሊኮን ይቀባል! ሲጠብቅ ትርፉ ወደ ውስጥ ይወጣል፣ ተቆርሶ በዘይት ይሄዳል፣ መርፌ የማታሳልፍ ቀዳዳ ውስጥ ይወተፋል። ከዚያ «ነግረን ነበር፣ ካምቢዮው አልቋል» ይላሉ። እነሱ ናቸው የጨረሱት።

በወጉ የሚሠራ ሰው ሥራው ቀርፋፋ ነው፤ ቀርፋፋ መሆንም አለበት። ንጹሕ ጠረጴዛ፣ ክር የማያራግፍ ጨርቅ፣ የያንዳንዱ ሞላና ቫልቭ ተራ የተመዘገበበት ወረቀት። የሞላዎቹን ርዝመት በካሊፐር ለክቶ ከመመሪያው ጋር ያስተያያል፤ ሁለት የሚመሳሰሉ ሞላዎች ተቀያይረው ቢገቡ መኪናዋ ከፊተኛው ይብስባታል። ቫልቭ ሁሉ ታጥቦ በካምቢዮ ዘይት ከራሰ በኋላ በራሱ ክብደት ሳይገፋ ተንሸራቶ መውረድ አለበት። የቫልቩ ቤት መላጡን ለማወቅ በሌላው ዓለም የቫክዩም መለኪያ ይጠቀማሉ፤ ቀዳዳውን ዘግተው አየር ይስባሉ፣ መርፌው ከወደቀ ግድግዳው ያፈስሳል። እንደ አሜሪካው ሶናክስ ያሉ ኩባንያዎች ደግሞ የተላጠውን ቤት በልክ አስፍቶ በጥቂቱ ወፈር ያለ ቫልቭ የሚያስገቡበትን መሣሪያ ይሸጣሉ፤ ያ ሁሉ ነገር ሙሉ ካምቢዮ ከማስመጣት ጋር ሲተያይ በሻንጣ የሚመጣ ዕቃ ነው። ከአሜሪካ ለእረፍት ለሚመጣ ዘመድ ሽቶና ጫማ የምናዝ ሰዎች፣ አንድ ጊዜ እንኳ የሞላና የጓርኒሲዮን ስብስብ አዘን እናውቃለን?

ሲገጠምም ቡሎኖቹ በክንድ ጉልበት አይጠብቁም። የቫልቭ ቦዲ ቡሎን ብዙ ጊዜ 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው የሚፈልገው፣ እሱም በቶርክ ቁልፍ። ከዚያ በላይ የጠበቀ እንደሆነ አሉሚኒየሙ በጥቂቱ ይጣመምና አሁን የጸዳው ቫልቭ መልሶ ይያዛል። በመጨረሻም ኮምፒውተሩ የቀድሞውን የተላጠ ቫልቭ ቦዲ ለማካካስ የተማረውን ሁሉ በስካነር ማጥፋት ግድ ነው። ይህ ካልተደረገ አዲስ በታደሰው ላይ የድሮውን የግፊት ጭማሪ ይጭንበታል፤ መኪናዋ ትመታለች፤ ደንበኛው «ብሬን በላኝ» ይላል፤ እውነቱንም ነው።

ካምቢዮው በእርግጥ የሞተበት ጊዜ የለም ወይ? ሞልቷል። ኮፓው ሲወርድ ማግኔቷ ስንጥር ብረት ከያዘች፣ ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው፣ ማርሽ ሲገባ ቆይቶ ቆይቶ ከተነሳ፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ቢጮህም ጎማው ካልሰማ፣ እንግዲህ ፍሪሲዮኑ ሄዷል፤ ቫልቭ ቦዲ ማደስ ገንዘብ መጣል ነው። በሌላ በኩል አንዳንዴ የሚመታው ካምቢዮው ጨርሶ አይደለም፤ ሞተሩን የሚይዘው ጎማ ተበልቶ ሞተሩ ራሱ እየዘለለ ነው፤ ወይም የፍጥነት ሴንሰሩ ለኮምፒውተሩ ይዋሻል። እነዚህን መለየት የሚቻለው ግን በማየት፣ በመለካትና ኮድ በማንበብ ነው። «በልምድ» አይደለም።

ለዚህ ሁሉ ሥር የሆነው ጥፋት የኛ የባለቤቶቹ ነው፤ ለብረት እንከፍላለን፣ ለጭንቅላት ግን እንከራከራለን። አንድ መካኒክ ግማሽ ቀን ኮፓ አውርዶ፣ ግፊት ለክቶ፣ ኮድ አንብቦ «ጥፋቱ እዚህ ነው» ቢለን «ታዲያ ምን ሠራህና ነው የምትጠይቀኝ?» እንለዋለን። «አየሁት እንጂ መች ቀየርኩት» እንዲል እናስገድደዋለን። ስለዚህ መቀየር ተማረ። በቀየረ ቁጥር እንከፍለዋለን፣ ባሰበ ቁጥር እንነጥቀዋለን፤ ከዚያ ለምን አያስብም ብለን እናማዋለን። እኚያ የእህቴን መኪና የሠሩት ሰው ተማሪ የላቸውም። «ማን ቁጭ ብሎ ሞላ ይለካል?» አሉኝ። ልጆቹ እሱን ጥለው ካምቢዮ ማውረድና መስቀል ገብተዋል፤ የሚከፈለው እዚያ ነዋ!

ከእንግዲህ ጋራዥ ስገባ የምጠይቀው ይህ ነው፤ እናንተም ብትጠይቁ ደስ ይለኛል። ኮዱን አንብቡና ቁጥሩን ጻፉልኝ። ኮፓውን እኔ ቆሜ አውርዱት፤ ማግኔቷን አሳዩኝ። ሞቃ ስትሠራ ግፊቷን ለኩና ከመመሪያው ጋር አስተያዩልኝ። የምርመራውን ዋጋ በደረሰኙ ላይ ከመለዋወጫው ለይታችሁ ለብቻው ጻፉት፤ ካምቢዮው ሞቷል ብትሉኝም፣ ደህና ነው ብትሉኝም ያችን ሒሳብ ሳልከራከር እከፍላለሁ። መቀየር ካለበትም ይቀየር። አሮጌው ግን ንብረቴ ነው፤ ጭኜው ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፤ ሊገዛው የሚፈልግም ካለ መጀመሪያ ለምን እንደፈለገው ያስረዳኝ።